የፍሪሲዮን ፔዳል መክበድ

የፍሪሲዮን ፔዳል መክበድ በእጅ ማርሽ በሚነዱ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታይ ብልሽት ነው። ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ሲሆን፣ ስሙ ከጣልያንኛ የመጣና «ሰበቃ» የሚል ትርጉም ያለው ነው።

መንስኤ

ፔዳሉ የሚሠራው በብረት ገመድ ወይም በዘይት ግፊት ነው። ገመዱ ሲዝግ፣ ሲታጠፍ ወይም ክሮቹ ሲበጠሱ ፔዳሉ ይከብዳል። የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅም የመጫኛው ሞላ አቀማመጥ ስለሚለወጥ ለመርገጥ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

በወላይታ ሶዶ

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ዳገት ይበዛባታል። መኪናን በፍሬን ፈንታ በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ማቆም ሸራውን ቶሎ ይጨርሳል። በባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ የሚያዝና በገመድ የሚሠራ ነው።

ምርመራ

ሞተሩ ጠፍቶ ገመዱ በካምቢዮው በኩል ይፈታና ፔዳሉ ይረገጣል። አሁንም ከከበደ ችግሩ ገመዱ ወይም የፔዳሉ ማጠፊያ ነው፤ ከቀለለ ግን ሹካው፣ ኩሽኔታው ወይም መጫኛው ነው። በዘይት በሚሠራው ላይ የታችኛው ፓምፕ ተነቅሎ ሳለ ፔዳሉ አይረገጥም፤ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል።

ጥገና

የተበላሸ ገመድ በአዲስ ይተካል። ካምቢዮ ከወረደ ሸራው፣ መጫኛውና ኩሽኔታው አብረው ቢቀየሩ ድጋሚ ከማውረድ ያድናል። በዘይት በሚሠራ ፍሪሲዮን ውስጥ የሞተር ዘይት መጨመር የፓምፑን ጎማዎች ያሳብጣል።

ገመዱ በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ከጎማው መለየት ስለማይቻል፣ ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ካልቻለ ፍሬን ይዞ ሞተሩን በማጥፋት መኪናውን ማቆም ይኖርበታል።