በቀድሞ ሥራ ላይ ለውጥ ለማድረግ ማን ይጠየቃል? ስለ ዱብሉቅ ኤላዎች የቀረበ አጭር ጥናት

የአገራችን የታሪክ ተማሪ «ታሪካዊ ሕንፃ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ ዐሳቡ የሚሄደው ወደ አክሱም ሐውልት፣ ወደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ወደ ጎንደር ግንብና ወደ ሐረር ጀጎል ነው። ይህ ዐሳብ ስሕተት ነው ባይባልም ጐደሎ ነው። ወደ ደቡብ ወርደን ቦረና በደረስን ጊዜ የሰው እጅ ከሠራቸው ሥራዎች ታላቁን ወደ ታች ተቆፍሮ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ኤላ የተባለው ጥልቅ የውሃ ጕድጓድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ነገር አንድ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ከቀድሞ ዘመን በወረደ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ለውጥ ለማድረግ ቢያስብ ማን ይጠየቃል? የሚጠየቀውስ ምንን መዝኖ ይፈቅዳል?

ዱብሉቅ በያቤሎና በሜጋ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ጨው የሚወጣበት ኤል ሶድ የተባለው የእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ስላለ ጎብኚ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ለቦረና ሕዝብ ግን የቦታው ክብር የመጣው ከኤላዎቹ ነው። ቦረናዎች ዘጠኙ ቱላ ብለው ከሚቈጥሯቸው የጥልቅ ጕድጓድ ሰፈሮች አንዱ ዱብሉቅ ነው፤ ዌብ፣ ዳስና ዋጪሌም ከነዚሁ ጋራ ይጠራሉ። በእያንዳንዱ ሰፈር ያለው ጕድጓድ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም፣ የራሱ ባለቤትና የራሱ ሥርዐት አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሬት ገጽ ጀምሮ የተቆረጠ ሰፊ መንገድ እየተዳፋ ወደ ታች ይወርዳል። ከብቶቹም ተራቸው ሲደርስ በዚህ መንገድ ወርደው ከጭቃ ከተሠራው ገንዳ ይጠጣሉ። ከገንዳው በታች ጕድጓዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የአንዳንዱ ጥልቀት እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። በጕድጓዱ ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ቅብብሉ እንዳይዛነፍ ዜማ ይዜማል፤ የውጭ አገር ሰዎች «የሚዘምሩ ጕድጓዶች» ያሏቸው ስለዚህ ነው። እንደ ጥልቀቱ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ሰዎች ያስፈልጋሉ። በበጋ ወራት ከብቱ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ስለሚጠጣ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ይህን ሥራ ሊሠራው አይችልም፤ ባለ ከብቱ ሁሉ ጕልበቱን ይዞ ወደ ሌላው መምጣት አለበት።

ይህ ጕልበት በደንብ የሚመራው በሁለት ሰዎችና በአንድ ጉባኤ ነው። የመጀመሪያው አባ ኮንፊ ይባላል። ኮንፊ የመቆፈሪያ መሣሪያ ስም ነው፤ አባ ኮንፊም ጕድጓዱን በመጀመሪያ የቆፈረው ወይም ተደርምሶ የቆየውን እንደ ገና ያወጣው ሰው፣ ወይም የእርሱ ወራሽ ነው። ሁለተኛው አባ ሄሬጋ ነው፤ የማጠጣቱን ተራ እየቈጠረ በየቀኑ የሚያስከብር እርሱ ነው። ከነዚህ በላይ ጮራ ኤላ፣ ማለት የኤላው ጉባኤ አለ። በኤላው የሚያጠጡት ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ስለ ተራው፣ ስለ ጥገናው፣ ስለ አጥፊው ቅጣትና ስለ አዲስ ገቢው ይመክራሉ። የኖርዌዩ ሊቅ ዮሃን ሄላንድ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ስለ ቦረና ውሃ አስተዳደር ሲጽፉ፣ እንዲሁም የኢጣልያው ሊቅ ማርኮ ባሲ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፋቸው ስለ ቦረና ጉባኤዎች ሲተነትኑ፣ ውሃውና ጉባኤው የማይነጣጠሉ መሆናቸውን በሰፊው አሳይተዋል።

አሁን ወደ መንግሥት ሕግ እንለፍ። በአገራችን የጥንታዊ ቅርስ ነገር በአዋጅ የተደነገገው በ1958 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 229 ነው። ይህ አዋጅ ጥንታዊ ብሎ የቈጠረው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ይህ መለኪያ ለሐውልትና ለብራና ይስማማል፤ ለኤላ ግን አስቸጋሪ ነው። ኤላ ይደረመሳል፣ ይደፈናል፣ እንደ ገና ይቆፈራል፤ ገንዳው በየጊዜው በአዲስ ጭቃ ይለሰናል። ታዲያ ዕድሜው የሚቈጠረው ከመጀመሪያው ቆፋሪ ነው ወይስ ከመጨረሻው ለሳኝ? ድንጋዩን ብቻ የሚያይ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያገኝም። ቦረናዎች ግን በአባ ኮንፊነት ውርስ መልሰውታል፤ ጕድጓዱ የተያያዘው በትውልድ ሐረግ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ሰፋ ያለ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በቅርስ ላይ የጥበቃና የጥገና ሥራ ለመሥራት የባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መፍቀድ ነበረበት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አንድን ስፍራ የተከለለ ነው ብሎ ሲያውጅም ያለ ፈቃድ ሕንፃ መሥራት፣ መንገድ ማውጣትና መቆፈር የተከለከለ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ደግሞ ውሃን ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ፣ በእጅ ለሚቆፈር ጕድጓድና በባህላዊ መንገድ ለሚደረግ ከብት ርቢ ግን ፈቃድ አያስፈልግም አለ። ሁለቱን አዋጆች ጐን ለጐን ስናነባቸው የሚገርም ነገር እናያለን። የቅርሱ ሕግ የሚናገረው ወረቀት ስላለውና ስለ ተከለለው ስፍራ ነው፤ የውሃው ሕግ በእጅ የተቆፈረውን ለባለቤቱ ትቶታል። በሁለቱ መካከል በሚቀረው ባዶ ስፍራ ለውጥን የሚመረምር ሸንጎ ያለው በዛፉ ጥላ ሥር ነው።

ይህ ሸንጎ ስሙ ባይጻፍም ሥራው እውነተኛ የምርመራ ሥራ ነው። ተደርምሶ የቆየ ጕድጓድ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው በራሱ ፈቃድ መቆፈሪያ አያነሣም። ዐሳቡን ለጐሣው ያቀርባል፤ የቀድሞው አባ ኮንፊ ወራሽ ማን እንደ ሆነ ይመረመራል፤ ለቆፋሪዎቹ የሚታረደው ከብት ከማን እንደሚመጣና ጕልበት ከየት እንደሚገኝ ይታሰባል፤ ሥራው ሲያልቅም ተራው እንዴት እንደሚሆን ይወሰናል። በኤላው ጉባኤ ያላለቀ ነገር ወደ ጐሣ ጉባኤ ይወጣል፤ ከሁሉም በላይ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው የጋዮ ሸንጎ፣ ጉሚ ጋዮ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያገባው የገዳ ሥርዐት በየቀኑ የሚታየው በእነዚህ ጉባኤዎች ነው።

እንግዲህ ጉባኤው ምንን ይመዝናል? ነገሩን ለመረዳት ሦስት ዐይነት ለውጦችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የገንዳው ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በተደረጉ ጥገናዎች የአንዳንድ ኤላዎች የጭቃ ገንዳ በሲሚንቶ ተተክቷል። ሐውልት ጠባቂ ባለሙያ ይህን ቢያይ «ጥንታዊው መልክ ጠፋ» ብሎ ያዝን ይሆናል። በኤላው ዘንድ ግን ይህ ለውጥ ቀላል ነው። ጭቃ ለመለሰን የሚጠፋው ጊዜ ቀነሰ፤ ቀጂዎቹ እንደ ቀድሞው ይቆማሉ፤ አባ ሄሬጋም እንደ ቀድሞው ይቈጥራል። መልኩ ተለወጠ፤ ሥርዐቱ ግን አልተነካም።

ሁለተኛው የሞተር መሳቢያ ነው። መሳቢያው ከውጭ ሲያዩት ምንም አያፈርስም፤ ጕድጓዱም፣ የሚወርደው መንገድም እንዳለ ይቀመጣል። ነገር ግን ሃያ ሰው የሠራውን አንድ ሰው በአንድ ቁልፍ ይሠራዋል። ቀድሞ የውሃው ዋጋ ጕልበት ነበረ፤ ከብት ያነሰውም ሰው ጕልበቱን አምጥቶ ድርሻውን ያገኝ ነበር። ሞተር የሚጠይቀው ግን ነዳጅና መለዋወጫ ነው፤ እነዚህም የሚገዙት በገንዘብ ነው። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? ገንዘብ የሌለው ሰው በምን ያጠጣል? ሞተሩ በበጋው መካከል ቢሰበርና ቀጂዎቹ ተበትነው ቢሆን ማን ይሰበስባቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣው ጉባኤው ነው እንጂ መሐንዲሱ አይደለም።

ሦስተኛው ለውጥ ከኤላው ውጭ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ባንክ ርዳታ በተካሄደው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ውስጥ፣ የደቡብ ግጦሽ ልማት ድርጅት በቦረና በትልልቅ መኪናዎች ኩሬዎችን አስቆፈረ። ዓላማው መልካም ነበረ። ነገር ግን በጥንቱ ሥርዐት አንዳንዱ ግጦሽ ውሃ ስለሌለው ብቻ በበጋ ያርፍ ነበር፤ ከብቱ ወደ ቱላው ሲመለስ ሣሩ ፋታ ያገኛል። ኩሬ በተቆፈረበት ስፍራ ይህ ዕረፍት ቀረና መሬቱ ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሆነ። በኤላው ላይ አንድ ድንጋይ አልተነቀለም፤ ነገር ግን ኤላው የሚጠብቀው ሥርዐት ከውጭ ተሸረሸረ።

ከነዚህ ሦስት ነገሮች የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። በዱብሉቅ የለውጥ ክብደት የሚለካው በመልኩ አይደለም፤ ከለውጡ በኋላ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መፈላለጋቸው ይቀጥላል ወይ በሚለው ነው። ይህ መለኪያ ለዓለም ሊቃውንትም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተጻፈው ቻርተር ሐውልትን ለኅብረተሰብ በሚጠቅም አገልግሎት ላይ ማዋል ጥበቃውን እንደሚያግዝ ገልጾ፣ አገልግሎቱ ግን የሕንፃውን አቀማመጥ እንዳይለውጥ ይገድባል። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ከተማ በናራ የወጣው ሰነድ ደግሞ የቅርስ እውነተኛነት ቅርሱ በተገኘበት ባህል ውስጥ መመዘን እንዳለበት አስረዳ። ጮራ ኤላ ሁለቱን ሰነዶች ሳያነብ የሁለተኛውን መንፈስ ሲሠራበት ኖሯል።

የአካባቢው ሰው ድምፅ ዘግይቶ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ላሊበላ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመጠበቅ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉባቸው። ዐሥር ዓመት ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ በቅርሱ ላይ አደጋ ሆነዋል ብሎ ሰልፍ ወጣ። መጠለያውን የተከሉት ቅርሱን የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ባለሙያዎች ነበሩ። ነገር ግን ከቅርሱ ጋራ የሚኖረው ሰው ዋና መርማሪ ሳይሆን ተመልካች ሲደረግ፣ ምርመራው በሰልፍ መልክ ዘግይቶ ይመጣል።

በዚህ ዐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ መሸሽ አይገባንም። አንዱ ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ከብት እየሞተ ሳለ ጉባኤ መጠበቅ ቅንጦት ነው። እውነትም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ በቦረና ሲጐድል ከብቱ አለቀ፤ በ2015 ዓ.ም. በድርቁ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ በዚያችው በዱብሉቅ ተጠልሎ ነበር። ለተጠማ ሰው የሞተር መሳቢያ ማምጣት ነውር ነው የሚል ማንም የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፦ በጕድጓድ ውስጥ ቆሞ መቅዳት ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባውን ወጣት ስለ ቅርስ ብለን ወደ ጕድጓድ እንመልሰውን? ሦስተኛውም አለ፦ በጉባኤው የሚናገሩት ወንዶች ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሴቲቱ ግን ለቤትዋ ውሃ ተሸካሚ ሆና ሳለ በውሳኔው ድምፅዋ አነስተኛ ነው።

ሦስቱም ተቃውሞዎች እውነት አላቸው። ሆኖም ምርመራ ማለት እንቢታ ማለት አይደለም። ሲሚንቶው የገባበት ኤላ ጉባኤውን አላጣም፤ ሞተርም የሚገባበት ኤላ ጉባኤውን ማጣት የለበትም። ችኮላ በበዛበት ጊዜ የማጠጣቱን ተራ፣ የነዳጁን መዋጮና የድኻውን ድርሻ የሚወስን አካል የበለጠ ያስፈልጋል። ሴቶችን ስለ ማስገባት የሆነ እንደ ሆነ ጉባኤው ሊሰፋ ይችላል፤ ጕድጓዱ በየዘመኑ እንደ ገና እንደሚቆፈር ሁሉ ሥርዐቱም ሊታደስ ይችላል። የፈረሰ ጉባኤ ግን ሊሰፋም ሊታደስም አይችልም።

ስለዚህ የምናቀርበው ዐሳብ ሦስት ነገር የያዘ ነው። አንደኛ፣ በቱላ ኤላዎች ላይ ወይም ኤላዎቹን በሚነካ ግጦሽ ላይ ለውጥ ሊያደርግ የሚያስብ መሥሪያ ቤት ወይም የርዳታ ድርጅት ዕቅዱን ገንዘብ ከመመደቡ በፊት ለጮራ ኤላ በቋንቋቸው ያቅርብ። ሁለተኛ፣ የጉባኤው ቃል በጽሑፍ ተይዞ በወረዳው መዝገብ ይቀመጥ፤ በቃል የተወሰነ ነገር ሹም ሲለወጥ ይረሳልና። ሦስተኛ፣ ኤላ በቅርስነት ሲመዘገብ ጥልቀቱና ስፋቱ ብቻ ሳይሆን አባ ኮንፊው፣ አባ ሄሬጋውና የተራው ደንብ አብረው ይመዝገቡ።

ይህን የምንለው ዱብሉቅን ወደ ቤተ መዘክር ለመለወጥ አይደለም። ቤተ መዘክር ያለ ጎብኚ ይኖራል፤ ኤላ ግን የሚቀዳለት ሲያጣ ግድግዳው ሳይፈርስ እንኳ ያልቃል። አገር በድንጋይዋ የምትኮራውን ያህል ድንጋዩን በጠበቀው ምክር መኩራት ይገባታል። የታሪክ ተማሪዎችም ሐውልት በምንለካበት ሜትር ብቻ ሳንወሰን፣ ሐውልቱ ላይ ለውጥ ሲታሰብ ማን ተጠየቀ፣ ምንስ ብሎ መለሰ የሚለውን አብረን ልንመዘግብ ይገባናል።