የሚተኛውን ማን ይጠብቀዋል?

በሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ደጋግመን ያየነው ትዕይንት አለ። ሰውየው የመስታወት ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይተኛል፣ ሣጥኑ ይቀዘቅዛል፣ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዓመት ያልፍና ክዳኑ ይከፈታል። ሰውየው ሲወጣ ከተማው ፈርሷል። መንግሥት የለም፣ መብራት የለም። ከተራራው ጀርባ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ድንች እየተከሉ ይኖራሉ።

ጥሩ ታሪክ ነው። ምህንድስና ለተማረ ሰው ግን አንድ ነገር አይዋጥለትም። መብራት ከጠፋ ያ ሣጥን ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ በምን ቀዘቀዘ? ሲበላሽስ ማን ጠገነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ፊት መሄድ አያስፈልገንም። ለረጅም ጊዜ የተኙ ነገሮች በታሪክ ውስጥ አሉና ወደ ኋላ እንመልከት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በለስ የያዘው ኢትዮጵያዊ

ሐሳቡ ከፊልም በጣም ይቀድማል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው ተረፈ ባሮክ የአቤሜሌክን ታሪክ ይተርካል። አቤሜሌክ ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እጅ ልትወድቅ ስትል ኤርምያስ በለስ እንዲያመጣ ይልከዋል። አቤሜሌክ ሙቀቱ ሲበረታበት ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፣ በዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል፤ ለእሱ ግን ትንሽ ያሸለበ ነው የመሰለው። በለሱም ገና እንደተቀጠፈ ነው። ወደ ከተማው ሲገባ ሰፈሩንም ዘመዶቹንም ያጣል። መንገድ የሳተ መስሎት ተመልሶ ይወጣል። በመጨረሻ የሆነውን ሁሉ የሚነግረው አንድ ሽማግሌ ነው።

በዋሻ የተኙት ወጣቶች ታሪክም በክርስትናና በእስልምና ይነገራል፤ በቁርኣን አስሐቡል ካህፍ ይባላሉ። በክርስቲያኖቹ ትረካ ከወጣቶቹ አንዱ ዳቦ ሊገዛ ወደ ከተማ ሲወርድ የያዘው ሳንቲም ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ ንጉሥ ሆኖ ይገኛል። ስንት ዘመን እንደተኙ የታወቀው በዚያ ሳንቲም ነው።

በእነዚህ ታሪኮች የተኛውን የሚጠብቀው ፈጣሪ ነው። ማሽን የሚሠራ ሰው ግን ሌላ ጠባቂ መፈለግ አለበት።

እስቲ እናስላው

ሰው ዝም ብሎ ቢተኛስ? አንድ አዋቂ ሰው ምንም ሳይሠራ በቀን 1,600 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 10 ኪሎ ስብ 48 ቀን ያቆያል። የብርዱን ወቅት ተኝተው የሚያሳልፉ ድቦች የሰውነታቸውን ሥራ ወደ ሩብ ያህል ያወርዳሉ። እኛም እንደ እነሱ ብንችል ያው 10 ኪሎ ስድስት ወር ከምናምን ያደርሰናል። አቤሜሌክን 66 ዓመት ለማቆየት ግን የሰውነት ሥራ 500 ጊዜ ያህል መቀነስ አለበት። ይህን የሚያደርግ አጥቢ እንስሳ አናውቅም። የአርክቲክ የምድር ሽኮኮ እንኳ የሰውነቷ ሙቀት ከዜሮ በታች እስከ 2.9 ዲግሪ ወርዶ ትተኛለች፤ ሆኖም በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እየሞቀች ትነቃለች።

ስለዚህ የቀረው መንገድ ሁሉንም ነገር ማቆም፣ ማለትም ማቀዝቀዝ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ውሃ ችግር ይፈጥራል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በረዶው ሕዋሳትን ይወጋል፣ ይቀዳል።

ለትንሽ ነገር ግን ችግሩ ተፈቷል። ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ያሉት ፅንስ ውሃው በመከላከያ ፈሳሽ ተተክቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መቆየት ይችላል። በ1992 በአሜሪካ እንዲህ የተቀመጡ ፅንሶች በ2022 መንትዮች ሆነው ተወልደዋል። ሠላሳ ዓመት! ይህ ከፊልሙ ሣጥን ጋር በጣም የሚቀራረበው እውነተኛ ታሪክ ነው። ሙሉ ሰው ግን እንዲህ ቀዝቅዞ የተነሣ የለም።

ሁለት ዓይነት ዕጣ

ሙከራው ግን ተጀምሯል። በጥር 1967 ጄምስ ቤድፎርድ የተባሉ የሥነ ልቦና መምህር በካሊፎርኒያ በካንሰር ሞቱ። ወደፊት ሕክምና ያስነሣኛል በሚል ተስፋ አስከሬናቸው እንዲቀዘቅዝ አድርገው ነበር። በዚህ መንገድ ከተቀመጡት የመጀመሪያው ናቸው።

ማስቀመጫው ትልቅ ቴርሞስ ነው ማለት ይቻላል። በሀገራችን የከብት ማዳቀል ባለሙያዎች ዘር ይዘውበት የሚዞሩት የናይትሮጅን ዕቃ ታላቅ ወንድም ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ይሁንና ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ ይተንና ያልቃል። አንድ ሰው እየመጣ መሙላት አለበት፤ ዛሬም፣ በሚቀጥለው ወርም፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም።

በዚያው በካሊፎርኒያ፣ ቻትስዎርዝ በሚገኝ የመቃብር ቦታ፣ ሌሎች አስከሬኖች ከመሬት በታች በተሠራ ክፍል ተቀምጠው ነበር። አንዳንድ ቤተሰቦች መክፈል አቆሙ፣ ገንዘብ አለቀ፣ ዕቃዎቹ ተበላሹ። በ1979 ጉዳዩ ወደ አደባባይ ሲወጣ ዘጠኝ አስከሬኖች ከቀለጡ ቆይተው ነበር። ቤድፎርድ ግን ዛሬም ቀዝቃዛ ናቸው። ቤተሰባቸው ከቦታ ቦታ እያዛወረ ዓመታት ጠበቃቸው። በ1982 አስከሬኑን እስካሁን የያዘው ድርጅት ተረከበ፣ በ1991ም ወደ አዲስ ዕቃ ተዛወረ።

ልብ በሉ፤ በቻትስዎርዝ ኅብረተሰብ አልፈረሰም፣ ጦርነትም አልነበረም። የወርሃዊ ክፍያ መቋረጥ ብቻውን በቃ።

የዘር እንቅልፍ

እውነተኛ መፍረስ ሲመጣስ? እዚህ ላይ ወደ ዘር እንሂድ። ዘር ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው የረጅም እንቅልፍ ማሽን ነው።

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ዓለምን እየዞረ የሰብል ዘር ይሰበስብ ነበር። በ1927 ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዘር ወስዷል። ስብስቡ ሌኒንግራድ ተቀመጠ። በ1941 ጀርመኖች ከተማዋን ሲከቡ ነዋሪው በረሃብ ማለቅ ጀመረ። የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝ፣ በስንዴና በኦቾሎኒ ከረጢቶች መሃል ተቀምጠው ዘሩን አልበሉም። ከእነሱም በረሃብ የሞቱ አሉ። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 በስታሊን እስር ቤት ሞተ። ዘሩ ግን ተረፈ።

በሶርያም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ከሐለብ ከተማ አጠገብ ትልቅ የሰብል ዘር ስብስብ ነበር። ጦርነቱ በ2011 ጀመረ። ሠራተኞቹ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ በ2008 ወደተከፈተው የስቫልባርድ የዘር ማከማቻ ቅጂ ሲልኩ ነበርና የሐለቡ ማዕከል ከእጃቸው ሲወጣ ሁሉም አልጠፋም። በ2015 ወደ 38 ሺህ የሚጠጉ ናሙናዎች ከስቫልባርድ ወጥተው በሊባኖስና በሞሮኮ ተዘሩ። ከማከማቻው ዘር ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከምርቱም በ2017 አዲስ ዘር ተመልሶ ገባ።

ስንነቃ ማንን እናገኛለን?

አሁን ከተራራው ጀርባ ወዳሉት ቤተሰቦች እንምጣ። በ1978 በሳይቤሪያ ጫካ ላይ በሄሊኮፕተር ሲበሩ የነበሩ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከቅርቡ ሰፈር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የታረሰ ማሳ አዩ። ሊኮቭ የሚባል ቤተሰብ በሃይማኖቱ ምክንያት ሸሽቶ ከ1936 ጀምሮ እዚያ ይኖር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መደረጉን እንኳ አልሰሙም።

ይህ ቤተሰብ የፊልሙ መንደር ቢሆን ምን እናያለን? ልብስ ከቃጫ ፈትለው ይሸምኑ ነበር፤ ተክሉን ያበቅሉታልና። የብረት ድስቶቻቸው ግን ዝገው ሲያልቁ የሚተካቸው አልነበረም። በዛፍ ቅርፊት ዕቃ ሠሩ፤ እሱን ደግሞ እሳት ላይ መጣድ አይቻልም። እንግዶቹ ስጦታ ሲያቀርቡ መጀመሪያ የተቀበሉት ጨው ብቻ ነበር።

በ1961 በሰኔ ወር በረዶ ወርዶ ማሳቸውን አጠፋው። እናትየው አኩሊና ልጆቿ እንዲበሉ ብላ በረሃብ ሞተች። በቀጣዩ ወቅት ራይ ከተባለው የስንዴ ዘመድ አንዲት ዘለላ ብቻ በቀለች። ቤተሰቡ ዙሪያዋን አጥሮ ሌሊትና ቀን ከአይጥ ጠበቃት። 18 ፍሬ ሰጠች። ቤተሰቡ የራይ ሰብሉን እንደገና ያራባው ከዚያች ነው።

በሣጥን የተኛ ሰው እንዲህ ባለ መንደር ቢነቃ መጀመሪያ የሚሆነው አንድ ተጨማሪ አፍ ነው። እኔ የተማርኩት ቀመር ድስት አይሠራም። ድስት ለመሥራት ማዕድን ቆፋሪ፣ ከሰል አክሳይ፣ ቀጥቃጭና ገበያ ያስፈልጋል። ዘሩ ግን መሬት፣ ውሃና የሚያውቅ እጅ ካገኘ ከ18 ፍሬ ይነሣል።

ስለዚህ አንድን ማሽን ስንነድፍ ከኃይል ፍጆታው ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ብንጽፍ ይጠቅማል፦ ይህ ነገር እንዲቆይ ስንት ሰው፣ ለስንት ጊዜ ነቅቶ መቀመጥ አለበት? ይህ ጥያቄ በሀገራችንም ተጠይቋል። በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም እንዲጠበቅ ደከሙ። ማሳ ላይ ያለ ዘር በየዓመቱ ይነቃል። ጠባቂዎቹም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ ቢያቆም ሌላው ይቀጥላል።

እንግዲህ ቀጣዩን ፊልም ስታዩ የተኛውን ሰውዬ ለጥቂት ደቂቃ ተዉትና ናይትሮጅኑን የሚሞላውን ፈልጉ። ከሌለ ፊልሙ የሆነ ነገር ደብቋችኋል።