ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፦ በባዕድ አገር የፈራ መክሊት

በኢዮቤልዩ በዓላችን ወደ ኋላ ስንመለከት ከእኛ በፊት ከአገራቸው ርቀው የኖሩትንም ማስታወስ ይገባናል። እግዚአብሔር ሰውን ሁሉ በአርአያው እንደ ፈጠረ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በቀይ ባሕር ዳርቻ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር።

በኢሉባቦር የተወለዱት ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥተው ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማሩ፤ በ1872ም ተጠመቁ። አስቴር ጋኖ ደግሞ በ1886 አንድ የኢጣሊያ መርከብ ባሕር ላይ ካስጣላቸው ባሮች መካከል ነበሩ። ሁለቱ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ተገናኙ።

ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉሙ፣ ገና ልጅ ሳሉ ከቤታቸው በመለየታቸው ቃላት ያጥራቸው ነበር። አስቴር የእናት ቋንቋቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ቃላቱን ሰብስበው ጉድለቱን ሞሉ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። በ1904 ኦኔሲሞስ ወለጋ ገቡ፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ከፈቱ።

የሸጧቸው ሰዎች ጉልበታቸውን ብቻ ተመኑ፤ ፈጣሪ የሰጣቸውን መክሊት ግን ማንም አልነጠቃቸውም። በማኅበራችንም በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ በር የሚጠብቅ ወንድም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላገኘ ስደተኛ አሉ። በስብሰባችን ከኋላ የሚቀመጡትን ወደ ፊት እንጋብዝ፤ ምን እንደሚያውቁም እንጠይቃቸው። ለልጆቻችንም ቋንቋቸውን እናስተምር፤ እነዚያ ሁለቱ ለወገናቸው ያተረፉት በእርሱ ነውና።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ!