አገርን ማስጐብኘትና አገርን መጠበቅ

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የሰንዳፋ ልጆች የዚህን ተረት እውነትነት በየቀኑ እናያለን። በከተማችን መካከል የሚያልፈው አውራ ጐዳና ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ ይወስዳል፤ በሱሉልታ በኩል የሚወጣው ወደ ደብረ ሊባኖስና ወደ ዓባይ በረሓ፣ በቡራዩ በኩል የሚወጣው ወደ ሆለታና ወደ አምቦ፣ በሰበታ በኩል የሚወጣው ደግሞ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ያደርሳል። አራቱ ከተሞች የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። በበር ግን ይታለፋል እንጂ አይቆምም። ስለዚህ አገር ማስጐብኘት በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተጀመረና እስከ ዛሬ ምን እንዳስተማረን፣ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ባጭሩ ለመጻፍ ወደድን።

እንግዳ መቀበል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አገር ማስጐብኘት የመንግሥት ሥራ ሆኖ የራሱ መሥሪያ ቤት የተተከለለት ግን በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በተቋቋመ ጊዜ ነው። ዘመኑም ምቹ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ለስብሰባ የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ብዙ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ ግን አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጐንደርንና የጣናን ገዳማት ሳያይ እንዳይመለስ ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

ይህን ሥራ በመሪነት የያዙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። እርሳቸውም የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር፣ ማለትም 12 ወር ከ30 ቀንና 5 ወይም 6 ቀን ያላትን ጳጉሜን፣ መነሻ አድርገው «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጥሪያ ለዓለም አስተዋወቁ። የሰንዳፋን የሐምሌ ጭቃ የሚያውቅ ሰው የፀሐዩን ነገር ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሆኖም ቃሉ ለብዙ ዓመታት የአገራችን መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። አቶ ሀብተ ሥላሴ በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» እየተባሉ ይጠሩ ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሥራው በቱሪዝም ኮሚሽን ሥር ሆነ። በሰሜን የነበረው ጦርነትም የእንግዳውን መንገድ አጠበበው። በ1998 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2001 ዓ.ም. የአገሪቱ የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት እንደ ገና በደንብ ተመሠረተ፤ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» የሚለው አዲስ መጠሪያ ታወጀ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቱሪዝም ራሱን ችሎ ሚኒስቴር ሆነ። ታዲያ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይህን ያህል ጊዜ ሲለዋወጥ ጥያቄውም አብሮ ተለውጧል። በመጀመሪያው ዘመን ዋናው ጥያቄ «እንግዳው እንዴት ይምጣ?» የሚል ነበር። ዛሬ ግን «የመጣለት ነገር እንዴት ይቈይ? በአጠገቡ የሚኖረውስ ሰው ምን ያግኝ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ተጨምረዋል። ዘላቂ ቱሪዝም ማለትም ለእነዚህ ለሁለቱ ተገቢውን መልስ መስጠት ነው።

ይህ መልስ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የስሜን ተራራዎች ታሪክ ያስረዳናል። ስሜን በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ሲከፍት በመጀመሪያ ከገቡት 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የእኛው ስሜንና ላሊበላ ነበሩ። ይህ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ በዚያ ብቻ የሚገኘው ዋልያ ቍጥሩ እየተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹም ወደ ገደሉ አፋፍ እየተጠጋ ስለ ሄደ፣ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነው። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ ቤተሰቦች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ገበሬ ከገብስ ማሳውና ከበጐቹ ተለይቶ የከተማ ኑሮ ሲጀምር ምን እንደሚሰማው የገበሬ ልጆች ለሆንን ለብዙዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ዋልያው መዳን ይገባዋል፤ ነገር ግን ዋልያውን ለማዳን ቤቱን የለቀቀው ሰው ከእንግዳው ገንዘብ ተካፋይ ካልሆነ፣ ዳኝነቱ ፍጹም ነው ለማለት አይቻልም።

አሁን ከስሜን ወደ ራሳችን አካባቢ እንመለስ። በሰበታ በኩል በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በዚያ አስተከሉ። ወፍ ዋሻ የሚገኘው ደግሞ በእኛው በሰንዳፋ በኩል በሚወጣው መንገድ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው። በኋላም አዲስ አበባ ተቈርቍራ የእንጨት ችግር ሲጸና፣ ዳግማዊ ምኒልክ ያ ደን እንዳይቈረጥ በትእዛዝ አስጠበቁት፤ ለከተማውም ባሕር ዛፍ ተተከለለት። እነሆ ዛሬ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ በጽዱ ሥር ይታያሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ቱሪስት የሚለው ቃል በአገራችን ሳይሰማ ነው። እንግዲህ ለእንግዳ የሚታየው ነገር የተገኘው እንግዳ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት በጠበቁት ሰዎች ነው።

የንጉሥ ትእዛዝ ደን ማዳኑ እውነት ነው። የሕዝብ ስምምነት ግን ከትእዛዝ ይልቅ ሥር የሰደደ ጥበቃ ነው። ለዚህም ወንጪ ምስክር ይሆናል። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሰበታም በወሊሶ መንገድ የሚደረስበት ይህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳውን በፈረስና በጀልባ በየተራ የሚያስጐበኙበት ሥፍራ ሆነ። ፈረስ ያለው ከፈረሱ፣ መንገድ የሚያውቀው ከዕውቀቱ ስለሚያገኝ ሐይቁን መጠበቅ የራሱ ጕዳይ ሆነለት። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠው። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለአገር» በተባለው ፕሮጀክትም ትልቅ ግንባታ ደርሶታል። መንገዱና ማረፊያው ማማሩ ያስደስተናል፤ ነገር ግን ሥራው መለካት ያለበት በሕንፃው ውበት ሳይሆን፣ ባለፈረሱ ተራውን እንደ ያዘ በመቈየቱ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው። መሥሪያ ቤት መንገድ ያበጃል፣ ሕግ ያወጣል፣ አገርን ለዓለም ያሳውቃል፤ ቅርስን ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው ግን ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱም የሚጠብቀው ድርሻ ሲኖረው ነው። አዳም ገነትን የተቀበለው ሊበላባት ብቻ ሳይሆን ሊጠብቃትም እንደ ሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፤ ከአውራ ጐዳናችን ብዙ በማይርቀው በሰገሌ ሜዳ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የአገሪቱን ዙፋን ዕድል የወሰነ ጦርነት መደረጉን የሚያስረዳ ልጅ ከመካከላችሁ ይውጣ። የአያቶቻችሁን ትረካ በደብተር ጻፉ፤ የአካባቢያችሁን ዛፍና ወፍ በስሙ ዕወቁ። ወላጆችና መምህራንም በዚህ ሥራ እንድትረዷቸው በትሕትና እናሳስባለን። የራሱን አገር የሚያውቅ ሰው ከተማው በር ብቻ ሆና እንድትቀር አይፈቅድም፤ እንግዳውም ሰንዳፋ ሲደርስ የሚቆምበት ምክንያት ያገኛል።