የአራት መቶ ድርሃም ግመል

ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየዓይነቱ መሃል አድርገን ስንበላ አንዱ፣ ስልኩ ላይ ያየው ቪዲዮ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ «እናንተ ጋ ሌባ እጁ ይቆረጣል አይደል?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ጥያቄ ነው። «አዎ፣ ግን...» ብዬ ጀመርኩ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ለመጨረስ የምሳ ሰዓቱ አልበቃኝም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልጨረስኩት መልስ ነው በሉት።

እሺ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ልጅ ሆነን መድረሳ ስንቀራ መጀመሪያ በቃላችን የያዝነው ሁለት ዝርዝር ነበር። አንዱ የእምነት ነው፦ በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀን እና በቀደር ማመን። ሁለተኛው የተግባር ነው፦ ሸሃዳ፣ በቀን አምስት ጊዜ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዳን ጾም፣ አቅም ላለው ደግሞ ሐጅ። ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ቅጣት የለም። ዘካ ግን አለ። ዘካ ልብ ሲራራ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚደርስ ገንዘብ ያለው ሰው፣ ገንዘቡ ዓመት ሲሞላው ከመቶ 2.5 የማውጣት ግዴታ አለበት። ቁርኣን ተቀባዮቹን በስምንት ሲከፍላቸው ከፊት የሚያስቀምጠው ድሆችንና ችግረኞችን ነው።

አሁን ወደ ቅጣቱ። የስርቆት ቅጣት በቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ፣ ቁጥር 38 ላይ አለ፤ የሰረቀ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እጁ እንዲቆረጥ ያዛል። አልክደውም። ተጽፏል፣ በታሪክም ተፈጽሟል። መጠናቸው አስቀድሞ የተወሰነ እንዲህ ያሉ ቅጣቶች ሑዱድ ይባላሉ። ነፍስ ማጥፋትና አካል ማጉደል በቂሷስ ይዳኛሉ፤ እዚያ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ቅጣቱን መጠየቅ፣ ካሳ መቀበል፣ ወይም ይቅር ማለት ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለው ጥፋት ተዕዚር ነው፤ ቅጣቱን የሚመዝነው ዳኛው ነው።

ኮድ የሚጽፍ ሰው የድሮ የፊቅህ መጽሐፍ ቢያነብ አይደናገርም። ሑዱድ ጋ የሚደረሰው ከብዙ «ከሆነ» በኋላ ነው። ዕቃው የተወሰደው ከተጠበቀ ቦታ ነው? ዋጋው ከወለሉ በላይ ነው? (አብዛኞቹ ሊቃውንት ሩብ ዲናር ሲሉ ሐነፊዎቹ አሥር ድርሃም ይላሉ።) ሌባው በንብረቱ ላይ ድርሻ አለው? አንዱ ላይ እንኳ ጥርጣሬ ከገባ ሑዱዱ ይቀራል። በዝሙት ላይ ደግሞ ድርጊቱን በዓይናቸው ያዩ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ያለ አራት ምስክር ሰው የወነጀለ ራሱ 80 ጅራፍ ይገረፋል።

ከሁሉም የከበደው «ከሆነ» ግን ሌላ ነው፦ ሌባው ርቦት ቢሆንስ?

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 639 አካባቢ፣ በመዲናና በዙሪያዋ ዝናብ ጠፋ። ምድሩ አመድ መሰለና ዘመኑ «የአመድ ዓመት» ተባለ። ድርቅ ምን እንደሚመስል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ፈለሰ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከሻም በግመል እህል አስመጣ። ሕዝቡ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤ አልቀምስም ብሎ በዘይት ሲበላ መልኩ ጠቆረ ይላሉ ተራኪዎቹ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር አቆመ፦ ዘካ ሰብሳቢዎቹን አልላከም፤ በስርቆትም እጅ አላስቆረጠም።

ሕጉን ሻረው ማለት ነው? በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኢብኑል ቀይም እንዲህ አይልም። በረሃብ ዘመን ችግረኛው ብዙ ነው፤ ለመኖር ሲል የሰረቀውን ካልቸገረው መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ራሱ ቅጣቱን ያስቀረዋል ይላል። በቃ፣ ቅድመ ሁኔታው አልተሟላም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኢማም ማሊክ ሙወጧእ በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረውታል። የሐጢብ ባሪያዎች ሙዘይና ከሚባለው ጎሳ የሆነ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ዑመር ዘንድ ቀረቡ፤ እጃቸው እንዲቆረጥ አዘዘ። ከዚያ ወደ ጌታቸው ዞረ። የምታስርባቸው ይመስለኛል አለው። ቀጥሎም የግመሏን ባለቤት ዋጋዋን ጠየቀው። በ400 ድርሃም ብጠየቅ አልሸጣትም ነበር አለ። ዑመር ጌታዬውን 800 እንዲከፍል ፈረደበት።

ታሪኩን አላሳምረውም። ሰዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፣ ሆነውም ቀሩ። ኢማም ማሊክም ራሳቸው ታሪኩን ከጻፉ በኋላ፣ ዋጋውን እጥፍ ማስከፈል እኛ ዘንድ አይሠራበትም ብለዋል። ሊቃውንት ተከራክረውበታል። ግን ዑመር ያየው ነገር አሁንም ይታያል፤ በቀረበለት መዝገብ ውስጥ ስሙ ያልተከሰሰ አንድ ሰው ነበር፣ ዳኛው ያገኘውም እሱን ነው።

እኛ አገር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወንጀል አይዳኝም። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሚያየው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ወቅፍና የመሳሰለውን ነው፤ እሱም ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ። ስለዚህ የባልደረባዬ ጥያቄ እዚህ ማንንም አይነካም ብዬ ልዘጋው እችል ነበር።

ያን ቀን ማታ ግን የባንክ ሂሳቤን ከፈትኩ። የሥራ ግብሬን ደሞዜ ላይ ይቆርጡልኛል፤ ዘካዬን የሚቆርጥልኝ የለም። ቁጠባዬ ወለሉን ካለፈ ዓመት ሞልቶታል፤ እኔ አስቤው አላውቅም። ስለ ቅጣቱ ቅድመ ሁኔታ በደንብ እከራከራለሁ፤ ከቅጣቱ በፊት የሚመጣውን ግዴታ ግን ረስቼዋለሁ። በዑመር ችሎት ብቆም ኖሮ ቦታዬ ከሌቦቹ ጋር አይደለም፣ ከግመሏ ባለቤት ጋርም አይደለም።

ካልኩሌተሩን አወጣሁና ከመቶ 2.5 መታሁት። በማግስቱ ምሳ ላይ ባልደረባዬ «ያ ግንህ ምን ላይ ደረሰ?» ሲለኝ ከሐጢብ ጀምሬ ነገርኩት።