ዲማ ላይ የተበደለ ተማሪ ወዴት ይሄድ ነበር?

ዛሬ በቢቸናም ሆነ በደብረ ማርቆስ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «መምህሩ ቂም ይዞብኛል፤ ነጥብ ቆርጦብኛል» ብሎ ቢያማርር ከቤት የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «ዝም ብለህ ተማር፤ አስተማሪ አይከሰስም።» ምክሩ ከአባቶች የወረደ ይመስላል። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የነበረው ልማድ ግን ሌላ ነው። የዲማ ተማሪ ሲከፋው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላ መምህር ይሄድ ነበር።

ዲማ በምሥራቅ ጎጃም በእነማይ ወረዳ ይገኛል። ጥንታዊው ገዳም ከአቡነ ተከስተ ብርሃን ስም ጋር ይነሣል፤ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤም ዝናው የራቀ ነው። ዲማን ብዙ አንባቢ የሚያውቀው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በኩል፣ በፊታውራሪ መሸሻ ግቢና በጉዱ ካሣ ነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ግን ቦታውን የሚያውቁት በተማሪነት ነው፤ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተነሥተው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔ ተምረዋል።

የዚያ ዘመን ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ለመምህሩ የሚከፍለው ገንዘብ የለም። እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እርሻ ያርሳል። ቅሬታውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አንዱ ቀኑን ሙሉ ከእርሻ ሲውል የመምህሩ ዘመድ ከግሱ ጋር ተቀምጦ ከዋለ፣ ማን ቀድሞ እንደሚዘልቅ ግልጽ ነው። «ምስጢር ደበቁብኝ» የሚለው ሮሮም ነበር፤ ጥሩ ጥሩውን አገባብ ለወደዱት ብቻ ይገልጣሉ ማለት ነው።

ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም። በንባብ ቤት ፊደልና ዳዊት የሚቆጥሩ ሕፃናት በአለንጋ ይገረፉ ነበር፤ የሚኮበልለው ደግሞ እግር ብረት የሚገባበት ጊዜ ነበር። ሴት ልጅ ከጉባኤው የምትደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እስከ ዛሬ በልዩ አድናቆት የሚጠሩትም ብርቅ ስለነበሩ ነው።

ቅኔ ቤት ሲደረስ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ተማሪው ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቦታ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ጓደኞቹ እየሰሙ ነው። ባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለስምንት ቤቱ መወድስ፣ የኔታ «ቤቱ አልመታም» ወይም «ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም» ሲሉ የተበላሸው ቦታ እዚያው ይታያል፤ እዚያው ይቃናል። ያልበሰለውን የወዳጅ ልጅ ቢያሞግሱ ዙሪያውን የተቀመጠው ጆሮ ይታዘባል። መምህሩም ራሳቸው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መዝረፍ አለባቸው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ስለዚህ ተማሪው ሲለካ መምህሩም አብረው ይለካሉ።

ሌላም መሣሪያ ነበር። ፊት ለፊት መናገር ያልቻለ ተማሪ ቅሬታውን በወርቁ ውስጥ ደብቆ፣ በሰሙ ቅዱስ ጊዮርጊስን እያወደሰ ሊያቀርበው ይችላል። መምህሩ ከተቆጡ ወርቁ እንደነካቸው መሰከሩ ማለት ነው፤ ዝም ካሉ ደግሞ ጉባኤው ይስቃል። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የአቤቱታ ማመልከቻ የጻፈለት ቢሮ እስካሁን የለም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የመጨረሻው መንገድ እግር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቅኔ ስልት ስላላቸው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መዞር የዕውቀት ፍለጋ እንጂ የሽሽት ስም አልነበረውም። ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት የአለቃ ለማ ኃይሉ ትዝታም የዚያን ዘመን የተማሪ ኑሮና መንከራተት ይተርካል። የመምህር ክብር የሚለካው በተማሪው ብዛት ነውና አድሎኛ የተባለ መምህር ጉባኤው ይፈታበታል። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ቦሎኛ ተማሪዎች ዘግይቶ የገባ መምህራቸውን መቀጮ ያስከፍሉ ነበር፤ የጎጃሙ ተማሪ የሚቀጣበት ገንዘብ ባይኖረውም ጥሎ መሄድ ይችል ነበር። አቅም የሚያጣው በመጨረሻው ደጃፍ ላይ ነው፤ ለዓመታት የደከመበትን ትምህርት ሊያስመሰክር ሲደርስ የመምህሩ ቃል ያስፈልገዋል። እዚያ ላይ የተቀየመ መምህር ሊጎዳው ይችላል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሀዲስ ዓለማየሁም ከቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ጎጃም ተመልሰው አስተማሩ፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። አዲሱ ትምህርት ቤት ብዙ መልካም ነገር ይዞ መጥቷል። ለተበደለ ተማሪ ግን ሁለት ነገር ወሰደበት። ውጤት በጉባኤ ፊት መነገሩ ቀርቶ በመምህሩ መዝገብና በካርድ ላይ የሚሰፍር ቁጥር ሆነ። መምህሩም የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆነ ተማሪ ቢሸሸው የሚጎድልበት የለም። የገጠር ወረዳ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ መምህሩ ፊት ቢነሣው ሌላ የሒሳብ መምህር ፍለጋ አገር አይዞርም። አብሮ የቀረው ዱላና ማንበርከክ ብቻ ነበር፤ እሱንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በመደንገግ ከለከለ። ሕጉ አርጩሜውን ሲነካ ቀይ እስክሪብቶው ግን እንዳለ ነው።

እስክሪብቶው በሁለት በኩል ይበድላል። ነጥብ የሚቆረጥበት ልጅ ያለቅሳል፤ ነጥብ በነፃ የሚታደለው ደግሞ ይደሰታል እንጂ መበደሉን አያውቅም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያሸጋግር የኖረው የብዙ ልጆች ካርድ ምን ያህል እንዳታለላቸው ታየ።

በወረቀት ላይ የአቤቱታ መንገዱ አለ፦ ሆምሩም መምህር፣ ዩኒት ሊደር፣ ርእሰ መምህር፣ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት። ችግሩ ተማሪው ማስረጃ በእጁ ሳይኖር «ፈተናዬን ልየው» ለማለት እንኳ መፍራቱ ነው። ብቻውን ሲጠይቅ ደፋር ይባላል። ከቅኔ ቤት ያለ በጀት መበደር የሚቻለው ልማድም እዚህ ላይ ነው፤ መምህሩ የታረመውን ፈተና ለሁሉም መልሶ፣ የየጥያቄውን መልስና የነጥቡን አሰጣጥ በሰሌዳ ላይ ቢያብራራ፣ ማንም ተነጥሎ ጠያቂ አይሆንም። የተሳሳተ ድምር እዚያው ይቃናል፤ ሰነፉም ስንፍናውን ያያል። በእነማይም ሆነ በሌላው የጎጃም ወረዳ ያላችሁ ርእሳነ መምህራን፣ ይህን ለየመምህሩ በጎ ፈቃድ አትተዉት፤ የትምህርት ቤታችሁ ደንብ አድርጉት፤ ከሚቀጥለው የመንፈቅ ዓመት ፈተናም ጀምሩ።