ዎልአይ እና ትሮሊንግ፦ መንጠቆ ባዶውን ሲመለስ

ዎልአይ በካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። ሳንደር ቪትሪየስ የሚለውን ሳይንሳዊ መጠሪያ ይዞ ይታወቃል፤ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሳሙኤል ላተም ሚቺል በ1818 ነበር (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካናዳውያን ፒክረል፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የኩቤክ ሰዎች ደግሞ ዶሬ ይሉታል። ጀርባው የወይራ ቀለም አለው፣ ጎኑ ወደ ወርቃማ ያደላል፣ የጅራቱ የታችኛው ጫፍ ነጭ ነው። በጨለማ መብራት ሲበራባቸው ዓይኖቹ እንደ ድመት ዓይን ያበራሉ። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ከጣፋጭ የሐይቅ ዓሦች ተርታ ይመደባል። የሚኔሶታ ግዛት በ1965 የግዛቷ ዓሣ አድርጋ መርጣዋለች። በመንጠቆ ተይዞ ክብረ ወሰን የያዘው ዎልአይ 25 ፓውንድ ወይም 11.3 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በ1960 በቴነሲ ግዛት ከኦልድ ሂከሪ ሐይቅ የወጣ ነው።

ትሮሊንግ ደግሞ ጀልባው በሰው እርምጃ ፍጥነት እየተጓዘ፣ ማባበያዎቹ በረጅም ክር ከኋላው እየተጎተቱ የሚዋኙበት የማጥመድ ዘዴ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ ክር የሚጥል አጥማጅ ዓሣው እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ በትሮሊንግ ግን ፈላጊው ጀልባው ነው። ለዎልአይ ይህ ዘዴ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሪ ሐይቅ 25,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከጣና ሰባት እጥፍ በላይ ነው። በበጋ ዎልአይ ከዳርቻው ርቆ፣ ከወለሉም ተነሥቶ፣ በዚያ ሰፊ ውኃ መካከል ተንሳፍፎ የትንንሽ ዓሦችን መንጋ ይከተላል። የሚጠቁም ድንጋይ ወይም ሣር በሌለበት ቦታ ዓሣ ለማግኘት ብዙ ውኃ ማካለል ግድ ይላል።

በዚህ ዘዴ የሚያጠምዱ ሰዎች ምሬት ከሐይቅ ሐይቅ እምብዛም አይለያይም። ሶናር በሚባለው፣ በድምፅ ዓሣ በሚፈልገው መሣሪያ ላይ ዓሣ ይታያል፣ ማባበያው ይጎተታል፣ ሰዓቱ ያልፋል፣ የሚነክስ ግን የለም። ያኔ ብዙዎች እጃቸውን የሚሰዱት ወደ ማባበያ ሣጥኑ ነው፤ ወይን ጠጁ ይወጣና ብርቱካናማው ይገባል፣ ብርቱካናማውም ይወጣና በብርማው ይተካል። ቀለም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዎልአይ በተለይ ወደ ብርቱካናማና ወደ አረንጓዴ የሚያደሉ ቀለሞችን አጥርቶ ያያል። ነገር ግን ማባበያው ዓሣው ያለበት ጥልቀት ላይ ካልደረሰ ወይም በማይመቸው ፍጥነት ከተጎተተ ቀለሙን መለዋወጥ ጊዜ ማባከን ነው። ባዶ ውለው ከሚመለሱት ጀልባዎች አብዛኞቹ የተሸነፉት በልኬት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዓሣው መቼና የት ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ ማወቅ ከዓይኑ ይጀምራል። ከዎልአይ የዓይን ሬቲና ጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ፤ ተፔተም ሉሲደም ይባላል። ዓይን ውስጥ የገባው ጥቂት ብርሃን ሁለት ጊዜ ስለሚያገለግል፣ ሌሎች ዓሦች በሚደናበሩበት ድንግዝግዝ ዎልአይ እያየ ያድናል። ዋና ምግቡ የሆነው ቢጫ ፐርች ይህ ሽፋን የለውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አዳኙ ያያል፣ ታዳኙ ይታወራል። ስለዚህ ንጋት፣ ምሽት፣ ሌሊት፣ የደፈረሰ ውኃና ነፋስ ያስነሣው ሞገድ ለዎልአይ የአደን ጊዜ ናቸው። ሰማዩ ጠርቶ ውኃው ጸጥ ብሎ በረጋበት ቀትር ግን ወደ ጥልቁ ይወርዳል ወይም ከመብላት ይታቀባል። ለሽርሽር የሚመች ቀን ለዎልአይ ማጥመድ የማይመችበት ምክንያት ይኸው ነው።

በሚኔሶታ የሚገኘው ሚል ላክስ ሐይቅ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ2005 ዜብራ መስል የሚባል መጤ ባለ ዛጎል ፍጥረት በሐይቁ ተገኘ። ውኃውን እያጣራ ስለሚመገብ ከተስፋፋ በኋላ ሐይቁ ይበልጥ ጠራ፤ ብርሃኑም ወደ ታች ዘለቀ። የዎልአይ ጫጩቶች ብዛት አሽቆለቆለና በ2015 የበጋው የዎልአይ ማጥመድ ከወትሮው ቀድሞ በነሐሴ መጀመሪያ ተዘጋ። ለመመናመኑ መንስኤው ይህ ብቻ ነው ባይባልም፣ የሐይቁ መጥራት አጥማጁን በሌላ መንገድም ፈተነው፤ በጠራ ውኃ የጀልባው ጥላና የሞተሩ ድምፅ ዓሣውን ያሸሸዋል። ፕላነር ቦርድ የሚባለው ተንሳፋፊ ሰሌዳ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ክሩ ላይ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ የውኃው ግፊት ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ማባበያውም ጀልባው ካለፈበት መስመር ብዙ ሜትር ርቆ ባልተረበሸ ውኃ ይዋኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቦታና ወቅት ነው። የኤሪ ሐይቅ ዎልአይ በፀደይ እንቁላሉን የሚጥለው በምዕራቡ ጥልቀት የለሽ ክፍል ባሉ ዓለታማ ቦታዎችና እንደ ሞሚ እና ሳንደስኪ ባሉ ወንዞች ውስጥ ነው። እንቁላል ከጣሉ በኋላ ትልልቆቹ፣ በተለይም እንስቶቹ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃና ምግብ ፍለጋ ወደ መካከለኛውና ወደ ምሥራቃዊው ክፍል ይጓዛሉ። ሰውነታቸው ውስጥ የድምፅ ምልክት የሚልክ መሣሪያ የተቀበረላቸው ዓሦች፣ ከፊሎቹ በዲትሮይት ወንዝ በኩል ወጥተው እስከ ሂዩረን ሐይቅ እንደሚደርሱ አሳይተዋል። በመኸር ደግሞ ይመለሳሉ። በግንቦት በምዕራቡ ክፍል ዳርቻ ባለችው በፖርት ክሊንተን አቅራቢያ ትልልቅ ዓሣ ያወጣ ሰው በነሐሴ እዚያው መስመር ላይ ሲመላለስ ቢውል ባብዛኛው የሚያገኘው ልጅ እግሮቹን ነው። ዓሣው ተንኮል አልሠራበትም፤ መንገዱን ቀጥሏል።

በበጋ ማለቂያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በኤሪ መካከለኛ ክፍል ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተለያይተው ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ድንበር ተርሞክላይን ይባላል። ከታች የቀረው ውኃ ከአየር ጋር ስለማይገናኝና የሞቱ ዋቅላሚዎች ሲበሰብሱ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት፣ ወለሉ ላይ ዓሣ መኖር የማይችልበት ንብርብር ይፈጠራል። «ዎልአይ የወለል ዓሣ ነው» የሚለውን የትናንሽ ሐይቆች ልምድ ይዞ እዚህ የሚመጣ አጥማጅ ማባበያውን ሕይወት በሌለበት ውኃ ውስጥ ሲጎትት ይውላል። ዓሦቹ ያሉት ከዚያ በላይ ነው።

ጥልቀትን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዎልአይ የሚያድነው በአብዛኛው ወደ ላይ እያየ ነው፤ ከበላዩ ያለፈውን ተነሥቶ ይይዛል፣ ከሥሩ ያለፈውን ግን አያየውም ቢባል ይቀላል። ስለዚህ ሶናሩ ዓሣውን 8 ሜትር ላይ ካሳየ ማባበያው 7 ሜትር ላይ ቢዋኝ ይሻላል፤ 9 ሜትር ላይ ከወረደ ግን አልፎታል። ችግሩ ማባበያው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ከጀልባው ሆኖ ማየት አለመቻሉ ነው። የሚወስኑት የተለቀቀው ክር ርዝመት፣ የክሩ ውፍረትና ከማባበያው ፊት የሚወጣው ከንፈር መሰል ክፍል ስፋት ናቸው። ቀጭን የተጠለፈ ክር ውኃውን በቀላሉ ስለሚቆርጥ፣ እኩል ርዝመት ካለው ወፍራም የናይለን ክር ይልቅ ያንኑ ማባበያ ጠለቅ አድርጎ ይወስደዋል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች የክር ቆጣሪ ያለው ማጠንጠኛ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ዓሣ ሲይዙ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር መዝግበው ቀጣዩን ክር በዚያው ልክ ይለቃሉ። ቆጣሪ የሌለው ሰው አንዱን ዓሣ በዕድል ይይዛል፣ ሁለተኛውን ለመድገም ግን ምንም መረጃ የለውም።

ማባበያውን ወደ ታች ለማውረድ የተለያዩ መላዎች አሉ። አንደኛው መካከሉ እርሳስ የሆነ ክር ነው፤ በየ10 ያርዱ፣ ማለትም በየ9 ሜትሩ ገደማ፣ ቀለሙ ስለሚለዋወጥ አጥማጁ የወጡትን ቀለማት እየቆጠረ ይለቃል። ሌላው 50 ጫማ ክር ለቅቆ፣ ክሩ ላይ በመቆንጠጫ ክብደት አስሮ፣ ሌላ 50 ጫማ መልቀቅ ነው። ወለሉ ጠጠር ወይም አሸዋ በሆነባቸው ሐይቆች ደግሞ ወለሉን እየነካካ የሚሄድ ሽቦና እርሳስ ከኋላው ትል ያስከትላል።

ፍጥነት ከጥልቀት ይልቅ ያታልላል፤ መሣሪያው ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ስሕተት ይፈጠራልና። ጂፒኤስ የሚለካው ጀልባው ከመሬት አንጻር የሚሄድበትን ፍጥነት ነው። ማባበያው ግን የሚኖረው በውኃው ውስጥ ነው፤ ውኃው ደግሞ በነፋስ ተገፍቶ ራሱ ይጓዛል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ከሚፈስ ውኃ ጋር ሲጓዝ ማባበያው የሚሰማው ፍጥነት 2 ነው፤ ዞሮ ሲመለስ 4 ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ዓሣ ይዘው ወደ ምዕራብ ሲመለሱ ባዶ የሆኑ አጥማጆች ብዙ ጊዜ «ዓሣው ጠፋ» ይላሉ። የተለወጠው ግን ፍጥነቱ ነው።

ትል የሚሰካበትና የሚሽከረከር ቅጠል ያለው ማባበያ በሰዓት ከ1.3 እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሲጎተት ይሠራል፤ ክራንክቤይት የሚባለው የዓሣ ቅርጽ ያለው ደግሞ ከ2.4 እስከ 4። ሁለቱን ባንድ ጀልባ ባንድ ጊዜ መጎተት አንዱን መጉዳት ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው ጉልበት ስለሚቀንስ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይኬዳል። ትክክለኛውን ልክ ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ብልሃት አለ፤ ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ከመንዳት ይልቅ እያዞሩ መንዳት። ጀልባው ወደ ግራ ሲታጠፍ በስተቀኝ ያሉት ክሮች ይፈጥናሉ፣ በስተግራ ያሉት ይዘገያሉ። ንክሻው ከፈጠኑት ከመጣ ጀልባው መፍጠን አለበት፤ ከዘገዩት ከመጣ መቀነስ ይገባዋል። መጠምዘዝ ሁለት ፍጥነቶችን ባንድ ጊዜ ስለሚፈትሽ ባዶ ሰዓታትን ያሳጥራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማባበያው ራሱ መታየት አለበት። እያንዳንዱ ክራንክቤይት ወደ ኋላ ከመለቀቁ በፊት ከጀልባው ጎን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ጀልባው በሥራ ፍጥነቱ እየሄደ። ደህናው ማባበያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘንጉም ጫፉ ላይ እኩል ይንቀጠቀጣል። የተበላሸው ወደ አንድ ጎን ተጣምሞ ይወጣል፤ ሲፈጥን ጎኑን ሰጥቶ ውኃው ላይ ይገለበጣል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ክሩ የሚታሰርባት ትንሿ የሽቦ ቀለበት ላይ ነው። ማባበያው ወደ ግራ ከሄደ ቀለበቷን በፒንሳ ቆንጥጦ ለዓይን በማይታይ መጠን ወደ ቀኝ ማጠፍ፣ መልሶ መፈተሽ፣ ካልበቃም እንደገና ጥቂት ማጠፍ ነው። አንዴ ብዙ ከታጠፈች ፕላስቲኩ ውስጥ ትላላለች፤ ያ ማባበያ ከዚያ በኋላ አይታመንም።

መንጠቆው ላይ ቅንጣት ሣር ከተጠመጠመ ማባበያው መዋኘቱን ያቆማል፣ ዎልአይም ወደ እሱ አይጠጋም። ከጣት ብዙም የማይረዝም ዓሣ ነክሶ ሲጎተት ደግሞ ወፍራሙ ዘንግ አይናገርም። ይህን የሚያጋልጠው ሰሌዳው ነው፤ ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ የቀረ ሰሌዳ ካለ ያ ክር መጠቅለል አለበት። ለብዙ ሰዓት ንክሻ የጠፋባቸው ጀልባዎች ክራቸውን ሲሰበስቡ አንዳንዱ ሣር ወይም የሞተ ትንሽ ዓሣ እየጎተተ መዋሉን ማየት የተለመደ ነው።

ነክሶ የሚያመልጠውም ጥቂት አይደለም። የማይለጠጥ የተጠለፈ ክር ከጠንካራ ዘንግ ጋር ሲጣመር መንጠቆውን ከአፉ ይቀድደዋል፤ ለስለስ ያለ ዘንግ ይህን ያበርዳል። ዓሣው እንደተያዘ ሞተሩን ማጥፋትም ክሩን ያላላዋል። ጀልባው በዝግታ መሄዱን ቢቀጥል ክሩ እንደተወጠረ ዓሣው እስከ መረቡ ይመጣል።

በሚኔሶታ የዎልአይ ወቅት በግንቦት ሲከፈት የግዛቷ አስተዳዳሪዎች ከ1948 ጀምሮ ሕዝቡን አስከትለው ሐይቅ የመውረድ ልማድ አላቸው። በመንትዮቹ ከተሞች በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም እነዚህ ሐይቆች ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የዎልአይ ዝርያ በኢትዮጵያ ውኃዎች የለም፤ በጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ናይል ፐርች በስም ከፐርች ቢጠራም ከሌላ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከሀገር ቤት የማጥመድ ልምድ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ እንደገና ይማራል። በዚሁ ግዛት አል እና ሮን ሊንድነር የተባሉ ወንድማማቾች በ1968 የመንጠቆ ዕቃ ኩባንያ አቋቁመው፣ ትልን ወለል ለወለል በዝግታ የሚያስከትል አሠራር ታዋቂ አደረጉ፤ በ1975 ደግሞ ኢን ፊሸርማን የተሰኘውን መጽሔት መሠረቱ። የዓሣውን ባሕርይና ወቅት ቀድሞ ማወቅን ከመሣሪያው ያስቀደመ ትምህርት በሰፊው የተሰራጨው በነሱ ነው።

የኤሪ ዎልአይ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ክፉ ዘመን አልፎ ነው። በ1970 ሜርኩሪ በዓሦቹ ሥጋ ውስጥ በመገኘቱ የንግድ ማጥመድ ተዘጋ። ሰማያዊ ዎልአይ የሚባለው የሐይቁ ዘር ግን መዳን አልቻለም፤ በ1983 ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። ዛሬ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ፔንሲልቬንያ፣ ኒው ዮርክና ኦንታሪዮ በጋራ ኮሚቴ ተቀምጠው በየዓመቱ ስንት ዓሣ እንደሚወጣ ይመድባሉ። በ2015 እና በ2018 የተፈለፈሉት ጫጩቶች እጅግ ብዙ ስለነበሩ ሐይቁ በዓሣ ተሞልቷል፤ እነዚያን ዓመታት ተከትሎ ትሮሊንግ የሚያደርግ ጀልባ ልጅ እግር ዓሣዎችን ሳይፈልግ ይይዝ ነበር። ከ9 ሜትር በታች የተያዘ ዎልአይ ወደ ላይ ሲሳብ የአየር ከረጢቱ ስለሚለጠጥ ቢለቀቅም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ልኩ ያልደረሰ ዓሣ ጥልቅ ውኃ ላይ መንጠቆውን እየደጋገመ ሲይዝ ማባበያውን ከፍ ማድረግ ወይም ቦታ መቀየር ይሻላል።